ሬዲስ ሪስታርት ሲደረግ ዳታው ይጠፋል፤ ዲስክ ላይ በአስተማማኝ ሁኔታ እንዴት ይቀመጥ?

ጓዳ_ኮደር

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች፣

ለአንድ የኦንላይን መሸጫ ሬዲስ 7.2ን (ዳታን ራም ላይ የሚይዝ ዳታቤዝ) በዶከር ኮምፖዝ (ኮንቴይነሮችን ከአንድ ፋይል የሚያስነሳ መሣሪያ) እያስኬድን ነው። ሰርቨሩ ኡቡንቱ 22.04 ነው፣ ራሙ 8 ጊጋ፣ ሬዲሱ የያዘው ዳታ ደግሞ 3 ጊጋ አካባቢ። ውስጡ ያለው የተጠቃሚዎች ሴሽን፣ የግዢ ቅርጫትና ኤስኤምኤስ የሚልኩ ሥራዎች ወረፋ ነው። ሴሽኑ ቢጠፋ ሰው እንደገና ሎግ ኢን ያደርጋል፤ ቅርጫቱና ወረፋው ግን መጥፋት የለባቸውም።

ችግሩ ሁለት መልክ አለው። መብራት ሄዶ ሰርቨሩ ሲነሳ ዳታው አለ፣ ግን ወደ ኋላ ተመልሷል፤ የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች የሉም። ኮምፖዙን «ዳውን» ብለን «አፕ» ስንለው ደግሞ ጭራሽ ባዶ ሆኖ ይነሳል። የኪዮቹን ብዛት በ«ዲቢሳይዝ» ስንጠይቀው 0 ይላል።

ኮምፖዝ ፋይሉ ላይ ያለው ኢሜጁ፣ ፖርቱና «ሪስታርት፡ ኦልዌይስ» ብቻ ነው። የራሳችን «ሬዲስ.ኮንፍ» የለም። «አፔንድኦንሊ የስ» በሉት የሚል ምክር በየቦታው አያለሁ። ያችን መስመር ጨምሬ ሪስታርት ባደርገው ይበቃል? ወይስ በየደቂቃው በክሮን «ሴቭ» የሚል ትዕዛዝ ይላክለት? ሲስተሙ ሥራ ላይ ስለሆነ አሁን ያለው ዳታ እንዳይነካ እፈልጋለሁ።

---

ሥር_ተጠቃሚ

ወንድሜ፣ ያችን መስመር ጨምረህ ሪስታርት እንዳታደርግ። ለምን እንደሆነ ከታች እመጣበታለሁ። ሁለቱ ችግሮችህ መንስኤያቸው ስለሚለያይ መጀመሪያ ለየብቻ እንያቸው።

ባዶ ሆኖ የሚነሳው በቮልዩም (ዶከር ዳታን ከኮንቴይነሩ ውጭ የሚያስቀምጥበት ቦታ) ምክንያት ነው። የሬዲስ ኢሜጅ ፋይሎቹን የሚጽፈው «/ዳታ» ውስጥ ነው፤ ይህ ፎልደር በኢሜጁ ውስጥ ቮልዩም ተብሎ ተመዝግቧል። አንተ ኮምፖዙ ላይ ስም ካልሰጠኸው ዶከር በራሱ ስም የለሽ ቮልዩም ይፈጥርለታል፤ መጠሪያው 64 ፊደልና ቁጥር የተደረደረበት ነው። «ዳውን» ስትል ኮንቴይነሩ ይሰረዛል፣ ቮልዩሙ ግን ዲስክ ላይ ይቀራል። «አፕ» ስትል የሚፈጠረው አዲስ ኮንቴይነር የድሮውን ቮልዩም ስለማያውቀው ሌላ ባዶ ይሰጠዋል።

ስለዚህ ጠፋ ያልከው ዳታ ባለቤት አጥቶ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። «ዶከር ቮልዩም ኤልኤስ» ብለህ ስም የለሾቹን ለይ፤ ከዚያ በሩት መብት «/ቫር/ሊብ/ዶከር/ቮልዩምስ» ሥር ገብተህ በእያንዳንዱ «_ዳታ» ውስጥ «ዳምፕ.አርዲቢ» (ሬዲስ ዳታውን ዲስክ ላይ የሚጽፍበት ፋይል) መኖሩን እይ። የፋይሉ ቀንና መጠን የትኛው የመቼ እንደሆነ ይነግርሃል። ይህን ሳትጨርስ ማንም ሰው ቦታ ላስለቅቅ ብሎ «ዶከር ቮልዩም ፕሩን» እንዳይል አደራ፤ ከዶከር 23 ወዲህ ይህ ትዕዛዝ ብቻውን ሲሰጥ የሚያጠፋው እነዚሁ ማንም የማይጠቀምባቸውን ስም የለሾች ነው። «ዳውን -ቪ» ደግሞ ከዚያ ይብሳል፣ በኮምፖዝ ፋይሉ ላይ ስም የሰጠኸውንም ይጠርጋል።

ወደ ኋላ መመለሱ የስናፕሾት (ሙሉውን ዳታ በየጊዜው ወደ «ዳምፕ.አርዲቢ» መጻፍ) ጉዳይ ነው። ምንም ኮንፊግ ሳትሰጠው ሬዲስ የሚሠራው በ«ሴቭ 3600 1 300 100 60 10000» ነው። ሲነበብ፦ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 1 ለውጥ ካለ፣ ወይም በ5 ደቂቃ ውስጥ 100 ለውጥ፣ ወይም በ1 ደቂቃ ውስጥ 10000 ለውጥ ካለ ስናፕሾት አንሳ ማለት ነው። በሥራ ሰዓት መብራት ቢሄድ እስከ 5 ደቂቃ ይጠፋብሃል። ሰዎች የሚዘነጉት ሌሊቱን ነው፤ ሌሊት በ5 ደቂቃ 100 ለውጥ ላይኖር ስለሚችል እስከ አንድ ሰዓት የሚደርስ ዳታ ሊሄድ ይችላል። በሥርዓቱ ስታቆመው ግን «ሲግተርም» (የዝጋ ሲግናል) ሲደርሰው የመጨረሻ ስናፕሾት አንስቶ ነው የሚዘጋው። መብራት ሲሄድ ሲግናል የሚልክ ስለሌለ ይህ ዕድል የለም።

አሁን ወደ «አፔንድኦንሊ» እንምጣ። ኤኦኤፍ («አፔንድኦንሊ» የሚያበራው፣ እያንዳንዱን ለውጥ የሚመዘግብ ፋይል) ሲበራ ሬዲስ በሚነሳበት ጊዜ የሚያነበው ኤኦኤፉን ብቻ ነው፤ «ዳምፕ.አርዲቢ» አጠገቡ ቢቀመጥም ዞር ብሎ አያየውም። አንተ መስመሯን ጽፈህ ሪስታርት ብታደርግ ኤኦኤፍ ገና ስላልተፈጠረ ባዶ ሆኖ ይነሳል። ይህ ብቻ ቢሆን ፋይሉ ስላለ ይመለሳል። ግን አፕሊኬሽኑ ወዲያው መጻፍ ይጀምራል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የስናፕሾቱ ሰዓት ይደርሳል፣ ባዶ ሊባል የሚችለው አዲሱ ዳታ በ3 ጊጋው «ዳምፕ.አርዲቢ» ላይ ይተካል። ያኔ አበቃ።

ትክክለኛው አካሄድ ይህ ነው፦

1. አፕሊኬሽኑንና ዎርከሮቹን አቁም፣ ሬዲሱ ይቆይ። «ዲቢሳይዝ» ብለህ ቁጥሩን ያዝ። «ቢጂሴቭ» በል። «ኢንፎ ፐርሲስተንስ» ውስጥ «አርዲቢ_ቢጂሴቭ_ኢን_ፕሮግረስ» 0 እስኪሆን ጠብቅ፤ «አርዲቢ_ላስት_ቢጂሴቭ_ስታተስ» ደግሞ «ኦኬ» ማለት አለበት።

2. እዚያው ኮንቴይነሩ ውስጥ «ሬዲስ-ቼክ-አርዲቢ /ዳታ/ዳምፕ.አርዲቢ» ብለህ ፋይሉ ጤነኛ መሆኑን አረጋግጥ። ከዚያ በ«ዶከር ሲፒ» ወደ ሆስቱ አውጣው። አንድ ተጨማሪ ቅጂ ሌላ ማሽን ላይ አኑር።

3. ኮምፖዝ ፋይሉ ላይ ቮልዩሙን ስም ስጠው፣ ለምሳሌ «ሬዲስ_ዳታ»፣ ወደ «/ዳታ» አያይዘው። ከታች «ቮልዩምስ» በሚለው ክፍል ላይም መመዝገቡን አትርሳ። እግረ መንገድህን «ስቶፕ_ግሬስ_ፔሪየድ፡ 2ኤም» ጨምር። ዶከር ኮንቴይነር ሲያቆም የሚታገሰው 10 ሰከንድ ብቻ ነው፤ ከዚያ «ሲግኪል» (ወዲያው የሚገድል ሲግናል) ይልካል። 3 ጊጋ ጽፎ ለመጨረስ 10 ሰከንድ ላይበቃው ይችላል።

4. የድሮውን «ዳውን» በል፣ አዲሱን «አፕ --ኖ-ስታርት» ብለህ ሳይነሳ ፍጠረው። አሁን «ዳምፕ.አርዲቢ»ን በ«ዶከር ሲፒ» ወደ አዲሱ «/ዳታ» አስገባና «ስታርት» በል። የፋይሉ ባለቤት ሩት ሆኖ ቢገባም የኢሜጁ ማስነሻ ስክሪፕት ወደ ሬዲስ ተጠቃሚ ይቀይረዋል። «ዲቢሳይዝ» ከያዝከው ቁጥር ጋር መቀራረብ አለበት፤ በመካከሉ ጊዜያቸው ያለፈ ሴሽኖች ስለሚወድቁ ትንሽ ቢቀንስ አትደንግጥ።

5. ሬዲሱ እየሠራ ሳለ «ኮንፊግ ሴት አፔንድኦንሊ የስ» በል። አሁን ሜሞሪ ውስጥ ካለው ዳታ ኤኦኤፉን ይገነባል (ይህ ሪራይት ይባላል)። «ኤኦኤፍ_ሪራይት_ኢን_ፕሮግረስ» 0፣ «ኤኦኤፍ_ላስት_ቢጂሪራይት_ስታተስ» «ኦኬ» እስኪሉ ጠብቅ። «/ዳታ/አፔንድኦንሊዲር» ውስጥ ሦስት ፋይል ማየት አለብህ፦ «ቤዝ» የሚል፣ «ኢንክር» የሚልና «ማኒፌስት» የሚል። ከ7.0 በፊት አንድ ፋይል ብቻ ስለነበር የቆዩ መመሪያዎች ላይ ሌላ ነገር ብታይ ግራ አትጋባ።

6. አሁን፣ አሁን ብቻ፣ ኮምፖዙ ላይ «ኮማንድ፡ ሬዲስ-ሰርቨር --አፔንድኦንሊ የስ» ጨምረህ «አፕ -ዲ» በል። በተለመደው ጭነት ላይ «ኮንፊግ ሪራይት» ይህን በራሱ ፋይሉ ላይ ይጽፍልህ ነበር፤ አንተ ጋ ግን ኮንፊግ ፋይል ስለሌለ ስህተት ነው የሚመልሰው። ይህን ደረጃ ብትረሳው በሚቀጥለው ሪስታርት ኤኦኤፉን ሳያበራ ይነሳል።

---

ቀላል_ይሻላል

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን አስፈለገ? ቮልዩሙን ስም ስጠውና «ሴቭ 60 1» በለው። ቢበዛ የአንድ ደቂቃ ዳታ ነው የሚጠፋው። ፋይሉ አንድ፣ ባክአፑም ቀላል።

---

ከርነል_ፓኒክ

ለካሽ (ቢጠፋ ለሚተካ ጊዜያዊ ዳታ) ብቻ ቢሆን እስማማ ነበር፤ ወረፋ ባለበት ግን አይሆንም። የአንድ ደቂቃ ወረፋ ጠፋ ማለት ክፍያ ፈጽሞ ኤስኤምኤስ ያልደረሰው ደንበኛ አለ ማለት ነው። ወደ ኋላ መመለሱ ደግሞ በሌላ በኩልም ይጎዳል፤ ቀድሞ የተላከው ሥራ ስናፕሾቱ ላይ ገና አልተላከም ተብሎ ስለሚገኝ ደንበኛው ሁለት ጊዜ ይደርሰዋል።

ሒሳቡንም እንየው። ስናፕሾት ሁልጊዜ ሙሉውን ዳታ ነው የሚጽፈው፣ የተለወጠውን ብቻ አይደለም። 3 ጊጋው ተጨምቆ 1.5 ጊጋ ቢወጣ እንኳ በየደቂቃው ሲጻፍ በቀን 1440 ጊዜ ነው፤ 2.1 ቴራባይት ይሆናል። በገበያ ላይ የሚገኝ ተራ የ500 ጊጋ ኤስኤስዲ የጽሑፍ ዋስትናው 300 ቴራባይት አካባቢ ቢሆን በአምስት ወር ውስጥ ተበላ ማለት ነው። ኤኦኤፍ የሚጽፈው ግን የመጣውን ለውጥ ብቻ ነው።

የክሮኑ ነገር ደግሞ፣ ጓዳ_ኮደር፣ «ሴቭ» እና «ቢጂሴቭ» አንድ አይደሉም። «ሴቭ» ዋናውን ትሬድ ይዞ ይጽፋል፤ እስኪጨርስ ድረስ አንድም ክላየንት መልስ አያገኝም። በየደቂቃው ሲስተሙን ለተወሰኑ ሰከንዶች ማቆም ነው። «ቢጂሴቭ» ፎርክ አድርጎ ልጅ ፕሮሰስ ይፈጥራል፣ ልጁ ይጽፋል፣ ዋናው ሥራውን ይቀጥላል። ልጁ መጀመሪያ የሚጽፈው በጊዜያዊ ስም ነው፤ ሲጨርስ ነው «ዳምፕ.አርዲቢ» ብሎ ስሙን የሚቀይረው። በዚህ ምክንያት እየተጻፈ ሳለ መብራት ቢሄድ የድሮው ፋይል አይበላሽም፣ ሬዲሱን ሳታቆም ኮፒ ብታደርገውም ግማሽ ፋይል አይደርስህም።

የፎርክ ዋጋው ሜሞሪ ነው። ልጁና ዋናው መጀመሪያ ላይ ያንኑ ሜሞሪ ይጋራሉ፤ ስናፕሾቱ እየተነሳ ሳለ የተለወጠ እያንዳንዱ የ4 ኪሎባይት ፔጅ ግን ይባዛል። ጽሑፍ ሲበዛ፣ በክፉ ቀን ፍጆታው ወደ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። የኤኦኤፍ ሪራይትም በዚሁ መንገድ ስለሚሠራ ከዚህ አታመልጥም። አንተ ጋ 8 ጊጋ ራም ስላለ 3 ጊጋው ላይ አይከፋም፤ ግን እዚያው ሰርቨር ላይ ዳታቤዝም አብሮ ካለ ሒሳቡን እንደገና ሥራ።

---

ጓዳ_ኮደር

እጅግ አመሰግናለሁ። ሁለት ስም የለሽ ቮልዩሞች አግኝቻለሁ፣ በአንዱ ውስጥ የድሮው «ዳምፕ.አርዲቢ» አለ። በቅደም ተከተሉ ሄጄ ወደ አዲሱ ቮልዩም ገብቷል፣ ኤኦኤፉም በርቷል።

አሁን ግን ሌላ ነገር መጣ። በአዲሱ ኮምፖዝ ላይ 4 ጊጋ የሜሞሪ ገደብ አድርጌበት ነበር። ማታ ላይ ሎጉ «ባክግራውንድ ሴቪንግ ተርሚኔትድ ባይ ሲግናል 9» ይላል፤ ከዚያ በኋላ አፕሊኬሽኑ መጻፍ ሲሞክር «ሚስኮንፍ» የሚል ስህተት ይመለስለታል። ንባቡ ግን ይሠራል። «ስቶፕ-ራይትስ-ኦን-ቢጂሴቭ-ኤረር ኖ» በለው የሚል መልስ አንድ ቦታ አየሁ። ላድርገው?

---

ሥር_ተጠቃሚ

አታድርገው። እሱ የሚያጠፋው ማስጠንቀቂያውን እንጂ ችግሩን አይደለም። ሬዲስ እያለህ ያለው «ስናፕሾት ማንሳት አቅቶኛል፣ ዝም ብዬ እየተቀበልኩ ላታልልህ አልፈልግም» ነው።

ሲግናል 9 የላከው ከርነሉ ነው። ሆስቱ ላይ «ዲሜሴጅ» ብትል «ሜሞሪ ሲግሩፕ አውት ኦፍ ሜሞሪ» የሚል መስመር ከሬዲስ ስም ጋር ታገኛለህ። የ4 ጊጋው ገደብ ዋናውንና ልጁን ደምሮ ነው የሚቆጥረው፤ 3 ጊጋ ዳታ ይዘህ ለሚባዙት ፔጆች የቀረህ ከ1 ጊጋ በታች ነበር። ዕድለኛ ነህ፣ የተገደለው ልጁ ነው፤ ዋናውም ሊሆን ይችል ነበር።

የሚያስፈልግህን ያህል በግምት አትስጠው፣ ለካው። «ኢንፎ ፐርሲስተንስ» ውስጥ «አርዲቢ_ላስት_ካው_ሳይዝ» እና «ኤኦኤፍ_ላስት_ካው_ሳይዝ» አሉ፤ ባለፈው ፎርክ ወቅት ምን ያህል ሜሞሪ እንደተባዛ በባይት ይነግሩሃል። ሥራ በሚበዛበት ሰዓት እያቸው። ለአንተ ማሽን የኮንቴይነሩን ገደብ 6 ጊጋ፣ «ማክስሜሞሪ»ን ደግሞ 4 ጊጋ ብታደርገው ጥሩ መነሻ ነው። «ማክስሜሞሪ» የሚገድበው ዳታውን ስለሆነ፣ ለፎርኩ የተረፈው ቦታ በዳታ እንዳይሞላ ይጠብቅልሃል።

ሲሞላ ምን ይሁን የሚለውን «ማክስሜሞሪ-ፖሊሲ» ይወስነዋል። ካልነካኸው «ኖኤቪክሽን» ነው፦ ምንም አይሰርዝም፣ አዲስ ጽሑፍ ግን አይቀበልም። «ኦልኪይስ-ኤልአርዩ» የሚለውን የካሽ መመሪያዎች ይወዱታል፤ አንተ ጋ ግን ወረፋህን ራሱ ሊበላው ስለሚችል አትንካው። «ቮላታይል-ኤልአርዩ» የሚያባርረው ቲቲኤል (የሚያበቃበት ጊዜ) ያላቸውን ኪዮች ብቻ ነው። ሴሽኖቹ ቲቲኤል ካላቸው፣ ቅርጫቱና ወረፋው ከሌላቸው ለአንተ ይስማማል። ቅርጫቱም ቲቲኤል ካለው ግን በ«ኖኤቪክሽን» ቆይ። ዳታ ጠፋ ሲባል ሁሉም ዲስኩን ይጠረጥራል እንጂ ብዙ ጊዜ የሚያባርረው ይህ ፖሊሲ ነው።

ሬዲሱ ሲነሳ ሎጉ ላይ ስለ «ኦቨርኮሚት ሜሞሪ» የሚያስጠነቅቅ መስመር ካየህ ደግሞ መፍትሔው ሆስቱ ላይ ነው፤ «ቪኤም.ኦቨርኮሚት_ሜሞሪ = 1» ብለህ «/ኢቲሲ/ሲስሲቲኤል.ዲ» ሥር አንድ ፋይል አስቀምጥ። ይህ ቅንብር የከርነሉ ስለሆነ ለኮንቴይነር ለብቻው አይሰጥም።

---

ዳታ_ጠባቂ

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። መብራት የሚሄድበት ቦታ ላይ ሰርቨር ላለው ሰው ግን ስለ «አፔንድኤፍሲንክ» በደንብ መነገር አለበት።

ሬዲስ ኤኦኤፉ ላይ ሲጽፍ ጽሑፉ መጀመሪያ የሚያርፈው በከርነሉ ካሽ ላይ ነው፣ እሱም ራም ነው። ሬዲሱ ራሱ ቢሞት ወይም በ«ኪል -9» ቢገደል ከርነሉ ስላለ ጽሑፉ ዲስክ ይደርሳል። መብራት ሲሄድ ግን ካሹም አብሮ ይሄዳል። «ኤፍሲንክ» ማለት «አሁኑኑ ዲስኩ ላይ አሳርፈው» የሚል ትዕዛዝ ነው። ሦስት ምርጫ አለ። «ኤቭሪሴክ» በየሰከንዱ ያሳርፋል፤ መደበኛውም እሱ ነው፣ ብዙውን ጊዜ የሚጠፋው የአንድ ሰከንድ ነው። ዲስኩ ሲጨናነቅ ወደ ሁለት ሰከንድ ሊሄድ ይችላል፤ ያኔ ሎጉ ላይ ኤፍሲንኩ እንደዘገየ የሚናገር «ዲስክ ኢዝ ቢዚ?» የሚል መስመር ይመጣል። «ኦልዌይስ» መልስ ከመስጠቱ በፊት ያሳርፋል፤ በተለይ በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ ፍጥነቱን ክፉኛ ይጥለዋል። «ኖ» ደግሞ ለከርነሉ ይተወዋል።

ሁሉንም «ኦልዌይስ» ከማድረግ ይልቅ 7.2 ላይ የመጣ ጥሩ ነገር አለ፦ «ዌይትኤኦኤፍ»። ቅንብሩን «ኤቭሪሴክ» ላይ ትተወዋለህ፤ ወረፋ ውስጥ አንድ ወሳኝ ሥራ ስታስገባ ግን በዚያው ኮኔክሽን ላይ ተከታትለህ «ዌይትኤኦኤፍ 1 0 2000» ትላለህ። ትርጉሙ «የላክሁት ጽሑፍ እዚሁ ማሽን ዲስክ ላይ እስኪያርፍ ጠብቀኝ፣ ቢበዛ 2000 ሚሊሰከንድ» ነው። የሚመልሰው ሁለት ቁጥር ነው፤ የመጀመሪያው 1 ከሆነ አርፏል፣ 0 ከሆነ ጊዜው አልቋል፣ ለደንበኛው «ተሳክቷል» አትበለው። የሴሽን ጽሑፎች ይህን አያስፈልጋቸውም፣ እንደ ልማዳቸው ይፈሳሉ። ኮኔክሽን ፑል የምትጠቀም ከሆነ ሁለቱ ትዕዛዞች በአንድ ኮኔክሽን መሄዳቸውን አረጋግጥ፤ በሌላ ኮኔክሽን ቢሄድ የሚጠብቀው የአንተን ጽሑፍ አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። አንዳንድ ርካሽ ኤስኤስዲዎች በራሳቸው ውስጣዊ ካሽ ላይ ያለውን «አሳርፌያለሁ» ብለው ይመልሳሉ፣ መብራት ሲሄድ ያጡታል። ሬዲስ ላይ የምታደርገው ምንም ቅንብር ይህን አያድነውም። ወይ የመብራት መቋረጥ መከላከያ ያለው ዲስክ፣ ወይ ዩፒኤስ ያስፈልጋል። ዩፒኤሱ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩን በሥርዓት እንዲዘጋ በገመድ ካልተገናኘ ደግሞ ውድቀቱን ከማዘግየት አያልፍም።

መብራት ሄዶ ሲመለስ የኤኦኤፉ ጅራት ተቆርጦ ሊገኝ ይችላል። «ኤኦኤፍ-ሎድ-ትራንኬትድ» «የስ» ስለሆነ ሬዲስ ያልተሟላችውን የመጨረሻ ትዕዛዝ ጥሎ ይነሳል፣ ሎጉ ላይም ይነግርሃል። የተበላሸው መሀሉ ከሆነ ግን አልነሳም ይላል። ያን ጊዜ ሰው ተቻኩሎ «ሬዲስ-ቼክ-ኤኦኤፍ --ፊክስ» ይላል። ይህ መሣሪያ የሚጠግነው የተበላሸውን ቦታ አይደለም፤ ከዚያ ቦታ እስከ ፋይሉ መጨረሻ ያለውን ቆርጦ ይጥላል። መጀመሪያ መላውን «አፔንድኦንሊዲር» ኮፒ አድርግ፣ ከዚያ ያለ «--ፊክስ» አስኪደው። ብልሽቱ ከስንተኛው ባይት እንደጀመረ ይነግርሃል፤ ከፋይሉ መጠን ጋር አስተያይተህ ምን ያህል እንደምታጣ ካወቅህ በኋላ ወስን። 7 ላይ የምትሰጠው ፋይል «ማኒፌስት» የሚለውን ነው።

ባክአፕን በተመለከተ «ዳምፕ.አርዲቢ»ን ኮፒ ማድረግ ይበቃል፤ ስለዚህ ኤኦኤፍ በርቶም ስናፕሾቱን አታጥፋው። ኤኦኤፉን ራሱን ኮፒ ማድረግ ከፈለግህ መጀመሪያ «ኮንፊግ ሴት አውቶ-ኤኦኤፍ-ሪራይት-ፐርሰንቴጅ 0» በል፣ ሪራይት እየሄደ አለመሆኑን እይ፣ ፎልደሩን ኮፒ አድርግ፣ ወደ 100 መልሰው። በመሀል ሪራይት ከገባ ማኒፌስቱ የሚጠራቸውና አንተ የያዝካቸው ፋይሎች አይገጥሙም።

ወደፊት ሬፕሊካ (የዋናውን ሬዲስ፣ የማስተሩን፣ ዳታ እየተከተለ የሚቀዳ ሌላ ሬዲስ) ልትጨምር ካሰብክ ይህን አስቀድመህ እወቅ፦ ማስተሩ ላይ ፐርሲስተንስ (ዳታን ዲስክ ላይ ማስቀመጥ) ጠፍቶ «ሪስታርት፡ ኦልዌይስ» ካለ፣ ማስተሩ ወድቆ ባዶ ይነሳል፣ ሬፕሊካዎቹ ያንን ባዶ ተከትለው የራሳቸውን ዳታ ያጠፋሉ። ሬፕሊካ ባክአፕ አይደለም።

---

ሊሊ_ዴቭ

እኛ ጋ ሁሉም ተስተካክሏል፣ ዳታውም ይመለሳል። ግን ሬዲሱ ሲነሳ ለተወሰኑ ሰከንዶች አፕሊኬሽኑ «ሎዲንግ» የሚል ስህተት እየተቀበለ ይወድቃል። ኮምፖዙ ላይ «ሬዲስ-ሲኤልአይ ፒንግ» የሚል ሄልዝቼክ አለን፣ «ዲፔንድስ_ኦን»ም ጤነኛ እስኪሆን እንዲጠብቅ ተደርጓል። ለምን አይጠብቅም?

---

ከርነል_ፓኒክ

እህቴ፣ ሄልዝቼክሽ ራሱ እየዋሸ ነው። ዳታው ከዲስክ እየተጫነ ሳለ ሬዲስ ለ«ፒንግ» የሚመልሰው «ሎዲንግ» የሚለውን ስህተት ነው። «ሬዲስ-ሲኤልአይ» ግን ከሰርቨሩ ስህተት ቢመለስለትም እንደ ፕሮግራም በ0 ነው የሚወጣው፤ ዶከር የሚያየው ደግሞ ያንን 0 ብቻ ስለሆነ «ጤነኛ ነው» ይላል። ወይ ከ7.0 ጀምሮ ያለውን «-ኢ» ጨምረሽ «ሬዲስ-ሲኤልአይ -ኢ ፒንግ» በዪው፣ ወይ ውጤቱን በ«ግሬፕ ፖንግ» አሳልፊው። «ስታርት_ፔሪየድ»ንም ዳታው ለመጫን ከሚፈጅበት ጊዜ አስበልጪው፤ ያን ጊዜ ሎጉ ላይ «ዲቢ ሎድድ ፍሮም» በሚለው መስመር መጨረሻ ላይ በሰከንድ ተጽፎ ታገኚዋለሽ። ዳታው ሲያድግ እሱም ስለሚያድግ አልፎ አልፎ እይው።

ይህ የሚሠራው ሁለቱ አብረው ሲነሱ ብቻ ነው። ሬዲሱ ብቻውን ወድቆ ቢነሳ ኮምፖዝ አፕሊኬሽኑን አያስጠብቀውም፤ ስለዚህ ኮዱ ውስጥም «ሎዲንግ» ሲመጣ ትንሽ ቆይቶ እንደገና የሚሞክር ነገር ይኑር።

---

ጓዳ_ኮደር

ገደቡን 6 ጊጋ አድርጌው ስናፕሾቱም ሪራይቱም ያልፋሉ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ በትክክል መሥራቱን መብራት እስኪሄድ ሳልጠብቅ እንዴት ልፈትሸው?

---

ዳታ_ጠባቂ

በሁለት ደረጃ፣ ሁለቱንም ሙከራ ማሽን ላይ። አንድ ትንሽ ስክሪፕት «ኢንከር» እያለ ቁጥር ያስጨምር፣ ሬዲስ የመለሰለትን እያንዳንዱን ቁጥር ደግሞ ወደ ሌላ ማሽን ይላክ። መጀመሪያ «ዶከር ኪል» በለው፤ የሚልከው «ሲግኪል» ስለሆነ ሬዲስ ምንም የመሰናበቻ ጊዜ አያገኝም። በእጅህ ስለገደልከው «ሪስታርት፡ ኦልዌይስ» ቢኖርም ዶከር በራሱ አያስነሳውም፣ «ስታርት» በለው። የተመለሰው ቁጥር ሌላው ማሽን ላይ ካለው የመጨረሻ ቁጥር ብዙም ያነሰ መሆን የለበትም፤ በአንድ ቢበልጥ መልሱ መንገድ ላይ ቀርቶ ነው። ትልቅ ልዩነት ካለ ኤኦኤፉ አልበራም ወይም ቮልዩሙ ሌላ ነው።

ይህ ግን «ኤፍሲንክ»ን አይፈትሽም፣ ከላይ እንዳልኩት ከርነሉ በሕይወት አለ። ለሁለተኛው የማሽኑን የኃይል ገመድ መንቀል፣ ቨርቹዋል ከሆነ «ፓወር ኦፍ» ማለት ያስፈልጋል፤ በሥርዓት የሚዘጋውን «ሻትዳውን» አይደለም። በ«ኤቭሪሴክ» ላይ የአንድ ሰከንድ ያህል ቁጥሮች ቢጎድሉ ልክ ነው። በ«ዌይትኤኦኤፍ» 1 የተመለሰለት ቁጥር ከጎደለ ግን የዋሸው ዲስኩ ነው፣ ቀይረው።

እና ኢሜጁን «ሌተስት» ብለህ ከያዝከው ቁጥሩን ጻፍለት። አዲስ ቨርዥን የጻፈውን አርዲቢ ፋይል አሮጌው ላያነበው ይችላል፤ ሳታውቀው ወደ ላይ ወጥተህ መመለስ ብትፈልግ «ካንት ሃንድል አርዲቢ ፎርማት ቨርዥን» ብሎ አልነሳም ይልሃል።